በወተት ድስት የተቀቀለው የዓሣ ጭንቅላት

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ መንፈቀ ዓመቴን ጨርሼ ሞያሌ ስገባ ከሻንጣዬ ጋር አንድ የቤት ሥራ ይዤ ነበር። እያንዳንዳችን የአንድ እንስሳ የራስ አጽም አጽድተን፣ አጥንቶቹን መልሰን ገጣጥመን፣ ያ ፊት እንዴት እንደተሠራ በሁለት ገጽ ጽፈን ከእረፍት እንድንመለስ ታዘናል። የክፍል ጓደኞቼ ወዲያው ፍየልና ዶሮ መረጡ። እኔ ዓሣ አልኩ።

ምክንያቱ አንድ ፎቶግራፍ ነው። መምህራችን በመጨረሻው ሳምንት ከእንቁላል ከወጡ ጥቂት ቀናት የሆናቸው ሁለት የዓሣ ጫጩቶች ጎን ለጎን አሳዩን። ሰውነታቸው እንደ ብርጭቆ ውስጡን ያሳያል፤ ለጋ አጽማቸው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። አንደኛው አፉን ከፍቷል። ሁለተኛው ግን የታችኛው መንጋጋ የለውም፤ በቦታው የበቀለው ነገር የላይኛውን ይመስላል።

«ምን የጎደለው ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቁ።

እጄን አውጥቼ «አጥንት» አልኩ።

«አጥንትማ አለው። የጎደለው መልእክት ነው» አሉኝ።

እስከገባኝ ድረስ ነገሩ እንዲህ ነው። ፊትን የሚሠሩት ሕዋሳት መጀመሪያ ፊት አካባቢ አይገኙም። ጽንሱ ገና ኢምንት ሳለ ከጀርባ በኩል፣ ከወደ ማጅራት ተነሥተው ወደ ፊት ይጓዛሉ። ሁሉም የተሸከሙት ዘረ መል አንድ ነው፤ ሲነሡ ማን የላይኛው መንጋጋ፣ ማን የታችኛው እንደሚሆን አልተለየም። ቦታቸው ሲደርሱ ከታች በኩል ያሉ ጎረቤቶቻቸው አንድ ፕሮቲን ይለቃሉ። ቅርብ ላሉት ብዙ ይደርሳቸውና የታችኛው መንጋጋ ይሆናሉ። መካከል ላሉት ጥቂት ይደርሳቸውና ማጠፊያው ይሆናሉ። ሩቅ ያሉት ምንም ስለማይደርሳቸው የላይኛው ይሆናሉ። ያን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረ መል ከተበላሸ ግን ታች ያሉትም እንደ ላይኞቹ ምንም ሳይሰሙ ይቀራሉ፤ ስለዚህ እንደ ላይኞቹ ይሆናሉ።

እስከዚያ ቀን ድረስ አካል እንደ ቤት የሚሠራ ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ግንበኛ ፕላን ይዞ ድንጋይ የሚደረድር። ግንበኛ የለም፤ የሚጠባበቁ ድንጋዮች ብቻ ናቸው ያሉት። ያን በገዛ እጄ ነክቼ ማየት ፈለግሁ።

ሞያሌ ግን የዓሣ አገር አይደለችም። በእኛ በኬንያ በኩል ያሉት ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ዓሣን ከእባብ ለይተው አያዩትም። ጾም ሲገባ በኢትዮጵያ በኩል ያሉ ምግብ ቤቶች ከሐይቆቹ በበረዶ ያስመጣሉ። እዚያ እናቴ የምታውቃት ወጥ ቤት አለች። ለጉላሽ ሥጋውን ገፍፋ ጭንቅላቱን ስለምትጥል፣ አራት የቆሮሶ ዓሣ ጭንቅላት በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ።

ኬንያ ውስጥ ፌስታል ክልክል መሆኑን የረሳሁት ኬላው ላይ ነው። ፈታሹ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው።

«ምንድን ነው?»

«የዓሣ ጭንቅላት።»

«ቀሪው አካላቸውስ?»

«ኢትዮጵያ ቀረ።»

ወደ ባልደረባው ዞረና «አራት መንገደኞች መጥተዋል። ፓስፖርት ቢኖራቸውም ኪስ የላቸውም» አለው። ፌስታሉን ወሰደብኝ፤ ደግ ሰው ስለሆነ ግን ያነበበውን ጋዜጣ ሰጠኝ። በኬንያ በኩል ያለው ሰፈራችን ሄሉ እስክደርስ ጋዜጣው ረጥቦ ቀሚሴ ላይ ተንጠባጠበ።

እናቴ ሄሉ ውስጥ ትንሽ ሻይ ቤት አላት። ሻዩ በኬንያ ደንብ ነው የሚፈላው፤ ወተቱ፣ ውኃውና ቅጠሉ አብረው። ወተቱን በየጠዋቱ የሚያመጡት አንዲት የቦረና አሮጊት ናቸው። «አኮ» እንላቸዋለን፤ አያት ማለት ነው። ከብቶቻቸውና ፍየሎቻቸው ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቦሪ ከልጆቻቸው ጋር ናቸው። ከዓመታት በፊት ከወተቱ ጋር አንድ ትልቅ ሱፉሪያ፣ እጀታ የሌለው የአልሙኒየም ድስት፣ ለእናቴ ሰጥተዋታል። ወተታቸው በዚያ ድስት ብቻ እንዲፈላ፣ ድስቱንም ሥጋ እንዳይነካው አደራ ብለዋል። በእሳቸው ቤት የወተት ዕቃና የሥጋ ዕቃ አይገናኙም፤ ከተገናኙ የታለበችው ላም ትጎዳለች ይላሉ። እኔ ከድስቱ ጋር ነው ያደግሁት። የአጥንት መረቅ እንኳ ገብቶበት አላየሁም።

እሑድ ነበር። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ ሻይ ቤቱ ተዘግቷል። አንደኛው ድስት ውስጥ ባቄላ ተዘፍዝፏል፤ ሌላው ጠባብ ነው። መመሪያዬ ደግሞ «ሰፊና ንጹሕ ዕቃ፣ ቀስ ያለ እሳት» ይላል፤ የዓሣ ራስ አጥንቶች ብዙና ስስ ስለሆኑ ከተንተከተኩ ይበታተናሉ። ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ሱፉሪያ አየሁት።

በችኮላ አላደረግሁትም። ቆሜ አሰብኩ። የተከለከለው ሥጋ ነው። ዓሣ ደግሞ ሥጋ አይደለም፤ እኛ ቤት ሥጋና ቅቤ በማይቀመስበት ጾም ዓሣ ይበላል። ካህናቱ ይከራከሩበታል፤ እናቴ ግን ትበላለች፣ እኔም እበላለሁ። ስለዚህ አደራውን አላፈረስኩም ብዬ ከራሴ ጋር ተስማማሁ።

ቀቀልኳቸው። ሥጋውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በመርፌ አጸዳሁ። ድስቱን ሦስት ጊዜ በሳሙና፣ አንድ ጊዜ በአመድ፣ አንድ ጊዜ በሎሚ አጠብኩ። አሸተትኩት፤ ምንም የለውም። ወደ ሚስማሩ መለስኩት። ከዚያ አጥንቶቹን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጋኋቸው። ዓሣው የሚተነፍስበት የስንጥቡ ክዳን እንደ ጥፍር ስስ ነው፤ ወደ ብርሃን ሲይዙት ያሳልፋል። የታችኛው መንጋጋ ሁለት ግማሽ ነው፤ አገጩ ላይ ይገናኛል። ማጠፊያው ጋ ስደርስ ላይኛውን ከታችኛው ገጠምኩና በጣቴ ከፈት ዘጋ አደረግሁት። ጥቂት መልእክት የደረሳቸው መካከለኞቹ የሠሩት ይህን ነው ብዬ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ ቤቱ ሞልቶ ነበር። አኮ እንደ ልማዳቸው ወተቱን አስረክበው በሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀምጠው የመጀመሪያውን ስኒ ይጠጣሉ። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ሻዩን ተጎነጨና ከንፈሩን መጠጠ።

«ማማ፣ ዛሬ ቻዩን ሞምባሳ ሄደሽ ነው እንዴ ያፈላሽው? ባሕር ባሕር ይላል!»

«ባሕሩ አፍህ ውስጥ ያደረ ነው፤ ተጉመጥመጥና ተመለስ» አለችው እናቴ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ። አኮ አልሳቁም። እስከ ግማሽ የጠጡትን ስኒ አዩት፣ ሱፉሪያውን አዩት፣ መጨረሻ ላይ እኔን አዩኝ።

«ምን ተቀቀለበት?»

መዋሸት አልቻልኩም። «ዓሣ። ግን በደንብ አጥቤዋለሁ አኮ። በሎሚ ሁሉ።»

ስኒውን መሬት ላይ አስቀመጡት። ወጥተው አፋቸውን ተጉመጠመጡ፤ ተመልሰው ባዶ ጀሪካናቸውን አነሡ።  ድስቱን አልነኩትም።

እናቴ እስኪወጡ ጠበቀች። «አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሽ ነው?»

«ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም» አልኩ።

«ለማን?»

 ያን ቀን፣ ስኒ እያጠበች፣ ከዚያ በፊት በቁርጥራጭ ብቻ የሰማሁትን ነገር ሙሉውን ነገረችኝ። እናቴ በልጅነቷ ከወላጆቿ ጋር ኬንያ ውስጥ ዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ነበረች። ትኩሳት ይዟት እህል እምቢ አላት። አንዲት ወጣት ሴት ወተት ልትሸጥ ከመጠለያው ዳር ትመጣለች፤ የልጅቷን ሁኔታ ስታይ ለሽያጭ ያመጣችውን ሰጥታ ሄደች። በማግስቱም መጣች። በሦስተኛውም። «እኚህ ሴት ናቸው» አለች እናቴ። «ሻይ ቤቱን ስከፍት ወተታቸውን ከሌላ ሰው አስቀድመው ለእኔ ሰጡኝ። ከእሳቸው ጋር ከተጣላሁ ሞያሌ ውስጥ ዘመድ የለኝም።»

አምስት ቀን አኮ አልመጡም። ሻዩ በዱቄት ወተት ፈላ። ሹፌሩ ቀምሶ «ይቅርታ ማማ፣ ባሕሩን መልሺልኝ» አለ። እናቴ መልስ አልሰጠችውም፤ ይህ ከሁሉም አስፈራኝ። እናቴ መልስ የምታጣ ሴት አይደለችም። አጥንቶቼን ካርቶን ውስጥ ከትቼ አልጋ ሥር ገፋኋቸው።

በስድስተኛው ቀን እናቴ ስኳርና የሻይ ቅጠል ቋጠረችልኝ። በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ቦሪ ሄድኩ። አኮ በረቱ አጠገብ አንዲት ፍየል ይዘው የታች ከንፈሯን በአውራ ጣታቸው ገልጠው ጥርሷን ይቆጥሩ ነበር፤ ዕድሜዋን ለማወቅ ነው። በጣም ዝቅ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ። ሆዷ የገፋ ሌላ ፍየል በአጠገባችን ስታልፍ ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አድርገው ፊታቸውን አዞሩ። አስተዋልኩት እንጂ ምን እንደሆነ አልገባኝም።

«አኮ፣ ሌላ ድስት ልገዛልዎ ነው የመጣሁት።»

«ድስትማ ሱቁ ሁሉ ሞልቷል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«መጀመሪያ ንገሪኝ። የዚያን ነገር ጭንቅላት የቀቀልሽው ርቦሽ ነው?»

«አይደለም አኮ፤ ለትምህርት ነው።»

«እኔም እኮ እሱን ነው የምልሽ። ትምህርት ቤቱ አያበላችሁም?»

እንድስቅ ፈልገው ይሁን አይሁን አላወቅሁም፤ ስለዚህ አልሳቅሁም። ከአኮ ጋር የምንነጋገረው በቦረንኛ ነው፤ ዘረ መልንና ፕሮቲንን በቦረንኛ እንዴት እንደምል አላውቅም። ጠጠሮች ለቀምኩና አሸዋው ላይ አንድ መሥመር ደረደርኩ። «እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው። ፊት ሊሆኑ ከሩቅ መጥተው ተቀምጠዋል» አልኩ። ከዚያ በረቱ አጠገብ ከነበረ ጀሪካን ውኃ ቀድቼ በታችኛው ጫፍ አፈሰስኩ። አሸዋው ጠጣው። ጫፍ ላይ ያሉት ጠጠሮች ረጠቡ፣ መካከል ያሉትን ነካ ነካ አደረጋቸው፣ ላይኞቹ ደረቅ ቀሩ። «የረጠቡት የታች መንጋጋ ይሆናሉ። እርጥበት የነካቸው ማጠፊያው። ደረቆቹ የላይኛው።»

አኮ በምርኩዛቸው ደረቆቹን ነካኩ። «ውኃው ባይመጣስ?»

«ሁሉም ደረቅ ይሆናሉ። የታች መንጋጋ አይኖርም። በዓሣው ያየሁት እሱን ነው።»

 ፍየሏን ለቀቋት።

«እዚህ ቤት በሙሽርነት ከመጣሁ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር» አሉ። «የአማቴ ፍየል ወለደች። ግልገሉ የታች መንጋጋ አልነበረውም። ምላሱ ብቻ ተንጠልጥሏል። ሊጠባ ይሄዳል፤ አይችልም። በማግስቱ ሞተ። እናቲቱን በየጠዋቱ ከበረት የማወጣት እኔ ነበርኩ። አማቴ የሙሽራዋ ዓይን ነው አለች። ከዚያ ወዲያ ያረገዘ እንስሳ አጠገብ አታድርሷት ተባለ። በረት ካልገባሽ ወተቱን ከተማ ይዘሽ ሂጂ አሉኝ። ወተት መሸጥ የጀመርኩት እንዲህ ነው። አማቴ ከሞተች ቆየች፤ ማንም አይከለክለኝም። እኔ ግን አላይም። እውነት ቢሆንስ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «የእኔ ዓይን ነው ወይስ ውኃው ቀርቶ ነው?»

ምላሴ ላይ ነበር። «ዓይንዎ አይደለም» ብዬ ባቅፋቸው፣ ወተቱም እሳቸውም በዚያው ቀን ይመለሱልን ነበር ብዬ አስባለሁ። ነገር ግን ድስቱን ያወረድኩትም እንዲሁ እርግጠኛ ሆኜ ነው።

«አኮ፣ እኔ የማውቀው የዓሣውን ነው። የፍየሉን መምህሬን ልጠይቅ።»

«ጠይቂ» አሉ። ስኳሩን ተቀበሉ። ስለ ወተቱ ምንም አላሉም።

ከሞያሌ ለመምህሬ ጻፍኩ። መልእክቱን አራት ጊዜ አርሜ ነው የላክሁት፤ ስለ ድስቱ የጻፍኩትን አጥፍቼ መልሼ ጻፍኩት፣ እንደገና አጠፋሁት። መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። አኮ ደግሞ ቅዳሜ ለገበያ ሲወጡ ጀሪካን ሳይዙ በምርኩዛቸው ብቻ ወደ ሻይ ቤቱ ገቡና በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

«ምን አለ ሰውዬው?»

ስልኬን አውጥቼ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። የፍየልም፣ የላምም፣ የሰውም መንጋጋ የሚሠራው በዓሣው ዓይነት መልእክት ነው። በዚያ ግልገል ላይ ለምን እንደተበላሸ ሳያዩ መናገር አይቻልም። የዘረ መል ስህተት ሊሆን ይችላል፤ እናቲቱ የበላችው መርዛማ ተክልም ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን፣ ፊት የሚሠራው በእርግዝናው መጀመሪያ ነው፤ መጀመሪያ ወር አካባቢ ጉዳዩ ያለቀ ነው።

ስልኩን ዘጋሁ። መልሱ በቂ አልመሰለኝም፤ «አይቻልም» የሚል ቃል ነበረበትና። «ይቅርታ አኮ፣ ከዚህ በላይ…»

እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ። በአውራ ጣታቸው ሌሎች ጣቶቻቸውን እየነኩ ይቆጥሩ ነበር።

«ፍየል የምታረግዘው አምስት ወር ነው» አሉ። «ፊቱ የሚሠራው መጀመሪያ ላይ ነው አልሽ?»

«መጀመሪያ ወር አካባቢ።»

«እኔ ስመጣ ሁለት ወሯ ነበር የቀራት።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ ነኝ፤ መልሱን አራት ጊዜ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ሂሳቡን የሠሩት ግን አኮ ናቸው።

«እኔ ገና አባቴ ቤት ነበርኩ» አሉ። ከዚያ እናቴን አይተው ደገሙት፣ እናቴ እንዳልሰማች አድርገው። «ያ መንጋጋ ሲቀር እኔ አባቴ ቤት ነበርኩ! ፍየሏን አላውቃትም፤ ሰርጉ እንኳ አልተቆረጠም!»

እናቴ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ጉልበታቸውን ያዘች። አኮ ትንሽ ሳቁ፤ ሳቁ መካከል ላይ ሌላ ነገር ሆነና ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ሹፌሩ ሻይ ሊያዝ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ዘጋው። ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ጀሪካኑ በእጃቸው፣ አዲስ ሱፉሪያ ደግሞ በራሳቸው ላይ ሆኖ መጡ። ድስቱን ራሳቸው መርጠው ገዝተውታል። እኔን ሚስማሩ ፊት አቁመው አደራውን እንደ አዲስ ነገሩኝ።

«ሥጋ አይንካው። ዓሣ አይንካው። ከርሞ ደግሞ ምን እንደሚያስተምሩሽ አላውቅም፤ እሱም አይንካው።»

«እሺ አኮ።»

«መጀመሪያ ጠይቂኝ። ማጠብ አይደለም ቁም ነገሩ። መጠየቅ ነው።»

«እሺ አኮ።»

«የድሮው ድስት ያንቺ ነው። ከነዓሣው ውሰጂው።»

ወሰድኩት። አሁን ይህን ስጽፍ መኝታ ክፍሌ ውስጥ መጻሕፍት ይዞልኛል።

ከአልጋ ሥር ካርቶኑን አወጣሁና በቀሩት ቀናት አጥንቶቹን በማጣበቂያ ገጣጠምኩ። በግራ በኩል ከጉንጩ አንዲት ትንሽ አጥንት ጠፍታለች፤ ጽሑፌ ላይ መጥፋቷን ጽፌአለሁ። ወደ ትምህርቴ የምመለስበት ጠዋት አጽሙን ጥጥ ባነጠፍኩበት ካርቶን ይዤ ሻይ ቤቱ ገባሁ። አኮ በርጩማቸው ላይ ነበሩ። አልቀረቡም፤ በምርኩዛቸው ከሩቅ ጠቆሙ።

«የታች መንጋጋ አለው?»

«አለው አኮ።»

«እንግዲህ ውኃው ደርሶታል» አሉና ሻያቸውን ተጎነጩ። ካርቶኑን ስዘጋ፣ ለማንም የማይናገሩ መስለው ወደ በሩ እያዩ ጨመሩ።

«ትናንት ቡሬዋ ፍየል መንታ ወለደች። ያዋለድኳት እኔ ነኝ።»

እናቴ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆመች። «እንዴት ናቸው ታዲያ?»

«ሁለቱም ይጠባሉ» አሉ አኮ።